የኬልስ ሐረግና የኛ ሐረግ፦ ማን ከማን ወሰደ?

«ደብሊን ነው የምኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቼ የኬልስን መጽሐፍ አየሁ። ጌጡ በብራና መጻሕፍታችን ላይ ከሚሳለው ከኛ ሐረግ ጋር ቁርጥ አንድ ሆነብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹አንቺ ሞኝ፣ ከኛ እኮ ነው የወሰዱት› አለችኝ። እውነት ነው? ሌላው፣ ያንን የሴልቲክ ቋጠሮ ክንዴ ላይ ልነቀሰው አስቤያለሁ። ሱቅ ውስጥ ትርጉሙ ማለቂያ የሌለው ፍቅር ነው ብለውኛል። ልክ ናቸው?»

ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄም መጣ፣ ደስም አለኝ። ሥራዬ የብራና መጻሕፍት ጥገና ነው። ይህን ጥያቄ በየጊዜው እጠየቃለሁ፤ አብዛኛው ጠያቂ ግን መልሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። አንቺ ከልብሽ የጠየቅሽ ስለመሰለኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩን ልቅደም። ከኛ አልወሰዱም። እኛም ከነሱ አልወሰድንም። ሱቅ ውስጥ የነገሩሽን ትርጉምም የዚያ ዘመን መነኩሴ ጽፎት አልተገኘም። ግን ዓይንሽ አልዋሸሽም፣ ዝምድና አለ። የእናትና የልጅ ሳይሆን የአክስትና የአጎት ልጆች ዓይነት ዝምድና ነው። አያትየዋ ሌላ ቦታ ነች።

መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ። የኬልስ መጽሐፍ በላቲን የተጻፉ አራቱ ወንጌላት ናቸው። የተሠራው በ800 አካባቢ ነው። ዛሬ የቀረው 340 ቅጠል ነው፣ ወደ 30 የሚሆነው ጠፍቷል። ብራናው የጥጃ ቆዳ ሲሆን ወደ 185 ጥጃ እንደፈጀ ይገመታል። እስቲ አስቢው፣ ያን ያህል ጥጃ ለአንድ መጽሐፍ! ስሙ የኬልስ ይሁን እንጂ ብዙ ባለሙያዎች ቢያንስ የተጀመረው አዮና ላይ ነው ብለው ያምናሉ። አዮና ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ገዳሙን በ563 የመሠረተው ኮሎምባ የሚባል አየርላንዳዊ መነኩሴ ነው። ሰዎቹ ኮልም ኪሌ ይሉታል፣ «የቤተ ክርስቲያን ርግብ» ማለት ነው። ከዚያ ቫይኪንጎች በመርከብ እየመጡ ደሴቲቱን ያምሷት ጀመር፦ በ795፣ በ802፣ ከሁሉም የከፋው በ806፣ ያኔ 68 ሰው ገደሉ። የተረፉት ብዙዎቹ ወደ አየርላንድ ተሻግረው ኬልስ ላይ አዲስ ገዳም አቋቋሙ። መጽሐፉን አልቆለት ይዘውት ይሂዱ ወይስ ኬልስ ላይ ይጨርሱት፣ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው።

በ1007 ደግሞ ሌባ ሰረቀው። ሌባው የፈለገው ቃሉን አልነበረም፣ የወርቅ ልባጡን ነው። ከሁለት ወር ከሃያ ሌሊት በኋላ ሣር ከተተከለበት አፈር ሥር ተቀብሮ ተገኘ፣ ወርቁ ተገሽልጦ። የጠፉት አንዳንዶቹ ቅጠሎች የዚያን ጊዜ ሳይሄዱ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ግን ከሌባውም የባሰ ጉዳት ያደረሰው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንደገና የጠረዘው ባለሙያ ነው። ጠርዙ እኩል እንዲሆንለት ብሎ ከርክሞ ከርክሞ የሥዕሎቹን ዳር ቆርጦ ጣለው። በኔ ሙያ ይህ ታሪክ ለጀማሪ ሁሉ የሚነገር ማስፈራሪያ ነው።

አሁን ወደ ጌጡ። «ሴልቲክ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። እነዚያ መነኮሳት ራሳቸውን ሴልት ብለው አያውቁም። ግሪኮችና ሮማውያን ስሙን ለዋናው አውሮፓ ሰዎች ነበር የሚሰጡት። የአይሪሽና የዌልስ ቋንቋዎች ዘመዳሞች መሆናቸውን አሳይቶ ስሙን ያስለመደላቸው ኤድዋርድ ሉይድ የሚባል የዌልስ ምሁር ነው፣ በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ። ከኬልስ መጽሐፍ 900 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ባለሙያዎች «የደሴቶቹ ጥበብ» ማለት የሚቀናቸው ለዚህ ነው፤ የአየርላንድንም፣ የስኮትላንድንም፣ የሰሜን እንግሊዝንም ሥራ አንድ ላይ ለመጥራት ይመቻል።

ያየሽው ገጽ ላይ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ቦታ የመጡ ነገሮች ተሸምነዋል። ጠመዝማዛው ክብ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚዞረው፣ እሱ በእርግጥ ከጥንቶቹ ሴልቶች የወረደ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኑሻቴል ሐይቅ ዳር ላ ቴን በሚባል ቦታ በ1857 ብዙ የጥንት ዕቃ ተገኘ፣ ስታይሉም በቦታው ተሰየመ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የጀመረ ነው። የአንገት ቀለበት፣ ጋሻ፣ የሰይፍ አፎት ላይ ይሠሩት ነበር። አየርላንድን ሮማውያን ስላልያዟት ልማዱ እዚያ ሳይቋረጥ ቆየ። (ኒውግሬንጅ የሚባለው መቃብር ድንጋይ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ሴልቲክ ነው ቢሉሽ አትመኚ። እሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3200 ነው፣ ሴልት የሚባል ነገር ሳይታሰብ።)

ሁለተኛው፣ እርስ በርሳቸው የሚነካከሱት ረጃጅም እንስሳት። እነዚህ ከጀርመናዊ ነገዶች የብረትና የወርቅ ሥራ የመጡ ናቸው። በ1939 እንግሊዝ አገር ሳተን ሁ ላይ ከነመርከቡ የተቀበረ የአንድ ታላቅ ሰው መቃብር ተቆፍሮ ነበር፣ የ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሥራ። እዚያ የተገኘውን የወርቅ ቀበቶ ማያዣ ካየሽ በኋላ የዳሮውን ወንጌል፣ ከኬልስ የሚቀድመውን ሌላ የደሴቶቹን መጽሐፍ፣ ገጽ ብታይ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው ትያለሽ።

ሦስተኛው ያ አንቺ ልትነቀሺው ያሰብሽው ነው፣ የገመድ ሽምኑ። ዛሬ በዓለም ሁሉ «የሴልቲክ ቋጠሮ» የሚባለው ጌጥ ሴልቲክ አይደለም። የላ ቴን ሰዎች እንደዚህ አይሠሩም ነበር። የሜድትራኒያን ልጅ ነው፤ የሮማውያን ወለል ላይ አለ፣ የግብፅ ክርስቲያኖች ጨርቅና መጽሐፍ ላይ አለ። ኒው ዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግላዚየር የሚባል የቅብጥ የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ አለ፣ ወደ 5ኛው መቶ ዘመን የሚሄድ። መጨረሻው ላይ አንድ መስቀል ተስሏል፣ ውስጡ በሙሉ የተሸመነ ገመድ ነው። የኬልስ መጽሐፍ ከመወለዱ ከ300 ዓመት ያላነሰ ቀደም ብሎ!

እንግዲህ አያትየዋ እዚህ ነች። በአንድ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ በጣሊያን በኩል ዞራ ወጣች፣ በሌላ በኩል ወደ ደቡብ ወደኛ ወረደች።

አሁን የጓደኛሽን ነገር እንይ። «ከኛ ወሰዱ» የሚለው የሚወድቀው በዘመን አቆጣጠር ነው። እኛ ሐረግ የምንለው፣ በመጽሐፉ ወይም በክፍሉ መጀመሪያ ከላይ ተዘርግቶ በኅዳጎቹ የሚወርደው የተሸመነ ጌጥ፣ በጽሑፎቻችን ላይ ደምቆ የሚታየው ከ14ኛውና ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ነው። የጉንዳ ጉንዶ ገዳም ሐረጎች፣ ለኔ ከሁሉም የሚያምሩት፣ የ15ኛው መጨረሻና የ16ኛው መጀመሪያ ናቸው። ከኬልስ 700 ዓመት ያህል በኋላ። ታዲያ የኬልስ ጸሐፊ ምኑን አይቶ ይቅዳ?

«አባ ገሪማስ?» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ እሱ ይቀድማል። አድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መካከል ወድቋል። ከኬልስ ያለ ጥርጥር ይበልጣሉ። እዚያ ላይ ግን ዋናው ጌጥ የጉንዳ ጉንዶ ዓይነት ሐረግ አይደለም፤ ዓምዶች፣ ቅስቶች፣ ወፎችና የወንጌላውያን ሥዕሎች ናቸው። ዘመድነቱ የሚገኘውም በዚሁ በዓምዱ በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፍሎ፣ የትኛው ታሪክ በየትኞቹ ወንጌላት እንደሚገኝ የሚያሳዩ 10 ሰንጠረዦች አዘጋጀ። ሰንጠረዦቹ በዓምድና በቅስት መካከል ይጻፋሉ። አባ ገሪማ ውስጥ አሉ። ኬልስ ውስጥም አሉ። ሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ የሌላውን አገር ስም እንኳ ሳይሰማ በሁለት የዓለም ዳርቻ ተቀምጠው የአንድ ሰው ሥራ ይገለብጡ ነበር። እኔን ከቋጠሮው ይልቅ የሚገርመኝ ይህ ነው።

የሚያስቀው ግን የኬልሱ ሰንጠረዥ አይሠራም። ሰንጠረዡን በድንቅ ጌጥ አስጊጠው፣ በጽሑፉ ኅዳግ ላይ መጻፍ የነበረባቸውን ቁጥሮች ሳይጽፉ ተዉት። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር አድራሻ እንደመስጠት ቁጠሪው። ጽሑፉም ስህተት አያጣውም። ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ላይ ጌታ «ሰይፍን እንጂ ሰላምን ለማምጣት አልመጣሁም» ያለውን ታውቂዋለሽ። የኬልስ ጸሐፊ በላቲን ግላዲዩም፣ ሰይፍ፣ ማለት ሲገባው ጋውዲዩም ብሎ ጻፈው፣ ደስታ። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ገጽ ሁለት ጊዜ ጻፉ፣ ሲነቁ በቀይ መስቀል ምልክት አድርገው ሰረዙት። ብራናውን ቀዶ መጣል ማን ደፍሮ! መጽሐፉ በዓል ሲሆን መንበር ላይ ተዘርግቶ እንዲታይ እንጂ በየቀኑ እንዲነበብ አልተሠራም የሚባለው ለዚህ ነው፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ሌሎችም ዘመድነቶች አሉ፣ ሁሉም በግብፅ በኩል። አየርላንድ ውስጥ ትላልቅ የድንጋይ መስቀሎች ታያለሽ። ሞናስተርቦይስ ያለው የሙርዳክ መስቀል ላይ ሁለት መነኮሳት ፊት ለፊት ተቀምጠው ቁራ እንጀራ ሲያመጣላቸው ተቀርጿል። እነማን ይመስሉሻል? አባ እንጦንስና የገዳሙ አባ ጳውሊ! የግብፅ በረሃ አባቶች ዝና እዚያ ድረስ ደርሷል። በ2006 ደግሞ ቲፐራሪ ውስጥ ፋደን ሞር በሚባል ረግረግ አፈር የሚቆፍር ማሽን አንድ መዝሙረ ዳዊት አወጣ፣ የ800 አካባቢ ሥራ፣ ከቆዳ ሽፋኑ ጋር። ሽፋኑ ሲመረመር ውስጡ የተለበደው ፓፒረስ ሆኖ ተገኘ። ፓፒረስ በአየርላንድ አይበቅልም።

ማኅደሩንም ልንገርሽ። የአየርላንድ መነኮሳት መጽሐፋቸውን እንደኛ በቆዳ ከረጢት ከትተው ግድግዳ ላይ በችካል ይሰቅሉት ነበር። በ1837 ሮበርት ከርዘን የሚባል እንግሊዛዊ ግብፅ ውስጥ የሶርያውያን ገዳም ገብቶ የሐበሻ መነኮሳት መጻሕፍታቸውን በማኅደር አድርገው እንዴት በግድግዳው ዙሪያ እንደሰቀሉ ጽፎ ነበር። የአየርላንድ ታሪክ አጥኚዎች የጥንት ገዳሞቻቸውን ዕቃ ቤት ለመገመት የተጠቀሙት ይህን የኛን አባቶች ክፍል ነው። ከነሱ ዘንድ የቀሩት ከረጢቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛ ዘንድ አሁንም ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከአየርላንድ ወደ አክሱም ወይም ከአክሱም ወደ አየርላንድ ቀጥታ የሄደ ሰው ወይም መጽሐፍ አልተገኘም። ስለዚህ «ወሰዱ» የሚለውን ቃል እንተወው።

እስቲ ወደ ጸሐፊዎቹ እንግባ፤ ቱሪስቱ የማያይልሽ እነሱን ነው። አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ሲፍቁ፣ ብርዕ ሲቀርጹ፣ በወስፌ ነጥብ እየወጉ መስመር ሲያወጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሙያውን ተምሬ መጀመሪያ ከነዚህ ደሴቶች የመጣ ብራና በእጄ የያዝሁ ቀን ጠርዙ ላይ ያንኑ የወስፌ ቀዳዳ አየሁና አያቴን አስታወሰኝ። ልዩነት አለ በርግጥ። እኛ በአብዛኛው የፍየል ቆዳ ነው የምንጠቀመው፣ እነሱ የጥጃ። እኛ ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ፣ እነሱ ከዝይ ወይም ከሌላ ትልቅ ወፍ ላባ። የኛ ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ይሠራል፣ የነሱ በብዛት የኦክ ዛፍ ላይ ነፍሳት ከሚያበቅሉት እብጠትና ከብረት ጨው። የጀርባ ሕመሙ ግን አንድ ነው።

የኬልስን ጽሑፍ የጻፉት ቢያንስ አራት እጆች ናቸው ተብሎ ይታመናል። አንድም ስም የለም። የሊንዲስፋርን ወንጌል፣ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው፣ ዕድለኛ ነው። ሊንዲስፋርን በሰሜን እንግሊዝ ያለች ደሴት ስትሆን ገዳሟን በ635 የመሠረተው ከአዮና የሄደ አየርላንዳዊ ነው፣ አይዳን። መጽሐፉ ከተሠራ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ አልድረድ የሚባል ካህን በላቲኑ መስመሮች መካከል የእንግሊዝኛ ትርጉም ጨመረና መጨረሻው ላይ የሠሪዎቹን ስም መዘገበ፦ የጻፈው ኤድፍሪት፣ የጠረዘው ኤቲልዋልድ፣ በወርቅና በዕንቁ ያስጌጠው ቢልፍሪት የሚባል ባሕታዊ። ኤድፍሪት ጳጳስ ነበር፣ በ721 ነው ያረፈው። ጳጳስ ሆኖ በእጁ! አንድ ሰው ጽሑፉንም ሥዕሉንም እንደሠራው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። የሉቃስ ወንጌል መጀመሪያ ገጽ ላይ ብቻ ፊደላቱን የከበቡት ትናንሽ ቀይ ነጥቦች ከ10 ሺህ በላይ ሆነው ተቆጥረዋል።

ስለ ኮሎምባ ደግሞ የሚነገር አለ። የመምህሩን የፊንያንን መጽሐፍ ሌሊት ሌሊት ተደብቆ ሲገለብጥ የቀኝ እጁ አምስት ጣቶች እንደ ሻማ ያበሩለት ነበር አሉ። የኛ አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እስኪጨርሱ ፀሐይ እንዳትጠልቅ ተደርጎላቸዋል እንደምንለው። የጸሐፊ ጭንቀት የትም አገር አንድ ነው፦ ብርሃን። ፊንያን ይህን ሲሰማ ቅጂውን አምጣ አለ። ተካሰሱ። ንጉሥ ዲርማት ሲፈርድ «ለላሚቱ ጥጃዋ፣ ለመጽሐፉም ቅጂው» አለ ይባላል። ብራናው ከጥጃ ቆዳ መሆኑን ካሰብሽው ፍርዱ እንኳን ቅኔ አለበት። በነገሩ ጦር ተማዘዙ፣ 561 ላይ። ኮሎምባም አዘነና አገሩን ለቆ ወደ አዮና ሄደ ይላል ተረኩ። ያ ቅጂ ነው የሚባለው መዝሙረ ዳዊት፣ ካሃክ፣ ዛሬም ደብሊን አለ፤ የተጻፈው ወደ 600 ገደማ ነው። ኮሎምባ ሲያርፍም መዝሙር ሲገለብጥ ነበር። «እግዚአብሔርን የሚፈልጉት ግን ከመልካም ነገር ሁሉ አይጎድሉም» የሚለው ላይ ደርሶ ብርዑን አስቀመጠ፣ የቀረውን ደቀ መዝሙሬ ባይሄኔ ይጻፈው ብሎ። ይህን የጻፈልን ከ100 ዓመት በኋላ የአዮና አበምኔት የነበረው አዶምናን ነው።

የኛ ጸሐፊ መጨረሻ ላይ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» ብሎ ምሕረት ይለምናል። የአይሪሹ ደግሞ ኅዳግ ላይ ያጉረመርማል። ስዊዘርላንድ ሳንክት ጋለን ውስጥ በ9ኛው መቶ ዘመን አይሪሾች የጻፉት የላቲን ሰዋስው አለ። አንዱ ኅዳጉ ላይ፣ ዛሬ ሌሊት ነፋሱ መራራ ነው፣ የባሕሩን ነጭ ፀጉር እያመሰው ነው፣ እንዲህ ባለ ሌሊት ቫይኪንጎች አይመጡምና አልፈራም የሚል ግጥም ጽፏል። ማዕበሉን ያመሰግናል ሰውየው! ሌላ ቦታ ላይ ኦጋም በሚባለው የጭረት ፊደል አንዲት ቃል ብቻ አለች፣ መጠጥ እንደጣለው የምትናገር። ሌላው መነኩሴ ደግሞ ስለ ነጭ ድመቱ ስለ ፓንጉር ጽፏል፦ እሱ አይጥ ያድናል፣ እኔ ቃል አድናለሁ፣ ሁለታችንም በየሥራችን ደስተኞች ነን ይላል።

ድመት ካነሳሁ አይቀር፣ የኬልስን 34ኛ ቅጠል ፈልጊ። ትሪኒቲ መጽሐፉን በሙሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አውጥቶታል። የክርስቶስ ስም የመጀመሪያ ፊደላት በግሪክ ገጹን ሞልተውታል። ሁሉም ሰው ትልቁን ፊደል አይቶ ያልፋል። አንቺ ታች እግሩ ሥር እይ። ሁለት ድመቶች ቁጭ ብለው፣ አይጦች አንዲት ክብ ኅብስት ሲቀራመቱ ያያሉ። ትንሽ ወደ ቀኝ ደግሞ አንድ የውኃ እንስሳ፣ ኦተር፣ ዓሣ በአፉ ይዟል። ከላይ በግራ የእሳት እራቶች አሉ። ኅብስቷ ቅዱስ ቁርባን ናት የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ ያስመረረው መነኩሴ ነው። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ።

ቀለሙን በሚመለከት አንድ የቆየ ወሬ ላርም። ሰማያዊው ከአፍጋኒስታን ተራራ የመጣ ላፒስ ላዙሊ ነው እየተባለ ለብዙ ዓመታት ተጽፏል። በሌዘር የተደረገ ምርመራ ግን፣ በሊንዲስፋርኑም በኬልሱም ላይ፣ እዚያው አካባቢ ከሚበቅል ተክል የሚወጣ ኢንዲጎ መሆኑን አሳየ። ወርቅ የሚመስለውም የኬልስ ቢጫ ወርቅ አይደለም፣ አርሰኒክ ያለበት ማዕድን ነው። መርዝ ነው፣ ብርዕ በከንፈር ማርጠብ የለመደ ጸሐፊ ካለ እግዜር ይሁነው።

አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ለመነቀስሽም የሚጠቅምሽ ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች በነፃ እጅ አልሳሉም። የሊንዲስፋርን ጌጠኛ ገጾች ጀርባ ላይ የኮምፓስ እግር የወጋቸው ነጥቦችና የጭረት መረብ ይታያሉ። በእርሳስ የተሠመሩም አሉ፤ እርሳስ ስልሽ የትምህርት ቤቱን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ከጀርባ አሥምረው፣ ብርሃን አሳልፈው፣ ከፊት ቀለም እንደቀቡ ይታሰባል።

አንቺም ሞክሪው። ባለ ካሬ ደብተር አምጪና አራት ማዕዘን ከልዪ። ውስጡን በሰያፍ መስመር ሙዪው፣ ጠርዝ ሲነካ እንደ ኳስ ነጥሮ ይመለስ። ከዚያ አንዱን ገመድ ተከተዪ፦ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር፣ አንዴ ከላይ። ሳታዛንፊ። ጥልፍ ሠርተሽ ወይም ሹሩባ ጎንጉነሽ የምታውቂ ከሆነ እጅሽ ቶሎ ይገባዋል። ገመዶቹ ስንት እንደሆኑ ሳትስይው ማወቅ ትችያለሽ። ላይኛው ጠርዝ ላይ ስንት ቦታ እንደሚታጠፍ፣ ጎኑ ላይም ስንት ቦታ እንደሚታጠፍ ቁጠሪ። ትምህርት ቤት የተማርነው «ትልቁ የጋራ አካፋይ» ትዝ ይልሻል? የገመዶቹ ብዛት እሱ ነው። 3 በ4 ከሆነ አንድ ገመድ፣ 4 በ6 ከሆነ ሁለት፣ 6 በ6 ከሆነ ስድስት። የመነኮሳቱ ብልሃት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መገናኛዎቹን እዚህም እዚያም ይሰብራሉ፣ የተቆረጡትን ጫፎች አጥፈው ከጎረቤት ጋር ያገናኛሉ፣ ተራው ሹሩባ ቋጠሮ ይሆናል። ሕጉም ይለወጣል፣ አንዱ ገመድ ሦስት ይሆናል፣ ሦስቱ አንድ። ይህን ካንድ ጣት በማይበልጥ ቦታ ላይ ያለ መነጽር ነው የሠሩት።

እንግዲህ «ማለቂያ የሌለው መስመር፣ ማለቂያ የሌለው ፍቅር» የሚለውን በዚህ ዓይን እይው። ብዙ ቋጠሮ አንድ መስመር አይደለም፣ ሁለት ሦስት ገመድ ነው። ከዚያም በላይ ኬልስ ላይ ያሉትን ቀረብ ብለሽ ብታያቸው ብዙዎቹ ገመድ አይደሉም፦ እንስሳ ናቸው። ማለቂያ የለውም ያሉሽ ነገር ራስና ጭራ አለው፣ እግርም ያወጣል! «ይህ ቋጠሮ ፍቅር፣ ያኛው ጽናት፣ ያኛው ሥላሴ» የሚለው ዝርዝር ከዚያ ዘመን አልመጣም። ሦስት ማዕዘኑ ቋጠሮ እንኳ በብዛት ባዶ ቦታ መሙያ ነበር። የንግዱ ነገር የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1850 ቤቲስታውን ባሕር ዳር አንድ ድንቅ ጥንታዊ ልብስ መያዣ ጌጠኛ መርፌ ተገኘ። የገዛው የደብሊን ጌጣጌጥ ነጋዴ «የታራ መርፌ» ብሎ ሰየመው፣ ታራ የነገሥታት ኮረብታ ስለሆነች ስሟ ይሸጣል። ከታራ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቅጂው ግን እንደ ትኩስ ዳቦ ተቸበቸበ።

ይህ ሁሉ አትነቀሺው ማለት አይደለም። አያቶቻችንም አንገታቸውን ሲነቀሱ ለእያንዳንዱ መስመር ትርጉም አልጻፉለትም፤ አማረባቸው፣ በቃ። የምመክርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነቃሹ የሚያሳይሽን ንድፍ ከመርፌው በፊት በጣትሽ ተከተዪው። ከላይ፣ ከሥር፣ ከላይ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከላይ ከሄደ ንድፉ ተበላሽቷል። ከኢንተርኔት የሚወርደው ግማሹ እንደዛ ነው፣ ክንድ ላይ ደግሞ በቀይ መስቀል አይሰረዝም።

ደብሊን መሆንሽ ደግሞ ያስቀናኛል። ካሃክ ዶሰን ጎዳና ሮያል አይሪሽ አካዳሚ ውስጥ ነው። ፋደን ሞርና የታራ መርፌ ኪልዴር ጎዳና ብሔራዊ ሙዚየም ናቸው። የዳሮው ወንጌልም እዚያው ትሪኒቲ አለ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን አንድ ገበሬ ውኃ እያፈሰሰበት ለታመሙ ከብቶቹ ያጠጣ ነበር፣ እንደ ጸበል። ሁሉም በእግር የሚደረስ ነው። ከዚያ ወደ ደብሊን ካስል ውረጂ፣ ቼስተር ቢቲ ግቢ፣ መግቢያ አይከፈልም። የኛ ብራናዎችም እዚያ ስብስብ ውስጥ አሉ። ዕድል ቀንቶሽ ወጥተው ካገኘሻቸው፣ ሐረጉን እንደ ኬልሱ በጣትሽ ተከተዪውና የኛ ጸሐፊ ሰበሩን የት ላይ እንዳደረገ ጻፊልኝ። መስታወቱን አትንኪ፣ ዘበኛው ይቆጣል።